የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ለገና የሚቆረጠው ዛፍ ከየት ይምጣ?

ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ ከጎጃም የሚደርሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተሰባስበዋል፤ በገና ዛፍ። ፕላስቲኩ ይሻላል ወይስ እርጥቡ፣ የትኛው ዛፍ ይቆረጣል፣ የትኛው አይነካም፣ ከተቆረጠስ በኋላ እንዴት ሳይጠወልግ ይቆያል የሚሉ ናቸው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለእነርሱ ሰጥተነዋል። መልሶቹን ያዘጋጁት በችግኝ ጣቢያና በደን ልማት ሥራ የቆዩ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ልገዛ ስል ባለቤቴ «ዙሪያችን ጽድ ሞልቶ ምን አስቸገረህ» አለችኝ። ልጆቼ ደግሞ ዛፍ መቁረጥ አገር ማራቆት ነው ብለው ከትምህርት ቤት ተምረው መጥተዋል። ማንን ልስማ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ባለቤትዎም ልጆችዎም እውነት አላቸው። ነገሩን የሚለየው የሚቆረጠው ዛፍ ማንነት ነው። ገበሬ በማሳው ዳር ለሽያጭ ብሎ የተከለው የፈረንጅ ጽድ እንደ ስንዴ፣ እንደ ጌሾ ሰብል ነው። ሲቆረጥ በቦታው ሌላ ይተከላል፤ ገዢ ካለው ደግሞ ገበሬው በሚቀጥለው ክረምት አብዝቶ ይተክላል። አገር የሚራቆተው ማንም ያልተከለው፣ ማንም የማይተካው ዛፍ ሲቆረጥ ነው። ልጆችዎ የፈሩት ይህንን ነውና ፍርሃታቸውን አያጣጥሉባቸው፤ ዛፉ ከማን እርሻ እንደመጣ ይንገሯቸው፤ ከተቻለም ወስደው ያሳዩዋቸው።

የእርጥቡ ጥቅም ከዚህ ይጀምራል። የሚከፍሉት ገንዘብ እዚያው ጎዛምን ወይም ማቻከል ላለ ገበሬ ይገባል። ፕላስቲኩ ግን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነው። አብዛኛው ከፒቪሲ ፕላስቲክና ከብረት ሽቦ ተጠማዞ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱን ለያይቶ መልሶ የሚጠቀምበት የለም፤ ሲያረጅ ቆሻሻ መጣያ ላይ ይቀራል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ጓሮ ውስጥ ያቃጥሉታል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ፒቪሲ ሲነድ ሳንባ የሚያቆስል የአሲድ ጋዝና ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ ያወጣል።

ካርቦን ትረስት የተባለው የእንግሊዝ ተቋም ባወጣው ስሌት 2 ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ዛፍ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጫና አለው። እኩያው እርጥብ ዛፍ ከበዓል በኋላ ለማገዶ ከዋለ ወይም ተፈጭቶ መሬት ላይ ከተበተነ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀብሮ ከበሰበሰ ግን ወደ 16 ኪሎ ግራም ይወጣል፤ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ስለሚያመነጭ ነው። ስሌቱ ለአውሮፓ የተሠራ ቢሆንም ሁለት ነገር ያስይዘናል። አንደኛው፣ እርጥቡን ገዝቶ ከቆሻሻ ጋር መጣል ከጥቅሙ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጠፋዋል። ሁለተኛው፣ የፕላስቲክ ዛፍ ቀድሞውኑ ቤትዎ ካለ አይጣሉት፤ ለማገዶ ከዋለው እርጥብ ዛፍ ጋር የሚስተካከለው ከ11 እስከ 12 ዓመት ሲያገለግል ነውና እስኪያልቅ ይጠቀሙበት። አዲስ ከመግዛት ግን የባለቤትዎን ምክር ይስሙ። ለበዓል ቤታችን ውስጥ የምንጎዘጉዘው ቀጤማ የሚወደደው እርጥብ ስለሆነ፣ ስለሚሸት ነው። ጽዱም ከቀጤማው ጎን ሲቆም ቤቱን የሚሞላው በዚያው ጠረኑ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢ የሐበሻ ጽድ አለ፤ ብዙው ግን ያለው በደብሩ ግቢ ነው። ጫፉን ብቻ ብንቆርጥ ይጎዳል? ከሌሎች ዛፎችስ የቱ ይሆናል? (ከቢቸና)

መልስ፦ የሐበሻ ጽድ አይቁረጡ፤ ጫፉንም ቢሆን። ቀስ ብሎ የሚያድግ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ጫፉ የተቆረጠ ወጣት ጽድ ደግሞ ሁለት ሦስት ራስ አውጥቶ ስለሚሻማ ቀጥ ያለ ግንድ አይሆንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ የከለከላቸው በቀላሉ የማይተኩ በመሆናቸው ነው። የደብር ዛፍማ ከሕግም በላይ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ሜዳ ላይ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ካዩ ከሥሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ለአካባቢው አገር በቀል ዛፍ ዘር የሚለቀመው ከዚያው ነው። ዘር የሚሰጠው ዛፍ ካለቀ ችግኝ ጣቢያዎቻችን ምን ያፈላሉ?

ለገና የሚሆነው የፈረንጅ ጽድ ነው። ሁለቱን ጽዶች ለመለየት ፍሬያቸውን ይመልከቱ። የሐበሻው ፍሬ የአተር መጠን ያለው፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚሄድ ለስላሳ ነው። የፈረንጁ ግን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ድቡልቡል ጠንካራ ፍሬ ሲሆን ሲደርቅ እንደ ጋሻ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። ፍሬ ያልያዘ ወጣት ዛፍ ከሆነ በእጅዎ ያሹት፤ የሐበሻው ለጋ ቅጠል ይወጋል፣ የፈረንጁ አይወጋም። (የፈረንጅ ጽድ እንላለን እንጂ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ሉሲታኒካ» የሚለው ቃል የፖርቱጋል ማለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ፖርቱጋል ውስጥ ከተተከለው ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ።)

ፓቱላ የተባለው የፓይን ዛፍም ይሆናል፤ ቅጠሉ እንደ ፀጉር ረዝሞ የሚንጠለጠል ስለሆነ ግን ጌጥ በደንብ አይሸከምም። ግራቪሊያ ሲቆረጥ ቅጠሉ ቶሎ ይጠወልጋል። ባሕር ዛፍና ዲከረንስ (ከውጭ የመጣው የግራር ዓይነት) ለዚህ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ አምና የገዛሁት ጽድ በአራተኛው ቀን ደርቆ ግራጫ ሆነ። አፈር በሞላ ባልዲ አቁሜ ውሃ አጠጣው ነበር። ምን አጠፋሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሦስት ነገር ሳይገጥምዎት አይቀርም፤ ሁሉም ከውሃ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የግንዱ አፍ መዘጋት ነው። ጽድ ሲቆረጥ ከቁስሉ ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫው ዛፉ በተቆረጠ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ውስጥ ግንዱ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ዛፍ ዋዜማውን ተቆርጦ ሌሊቱን በኢሱዙ ላይ ያድርና ረፋዱ ላይ ይሸጣል። ስለዚህ ቤትዎ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙትም አይጠጣም። መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ከማቆምዎ በፊት ከግንዱ ሥር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በመጋዝ ይቁረጡለት። አቆራረጡ ቀጥ ያለ ይሁን፤ አጋድሞ መቁረጥ ዛፉ እንዳይቆም ያደርገዋል እንጂ ውሃ አይጨምርለትም። መጥረቢያ ደግሞ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። ባልዲው ጠበበ ብለው የግንዱን ዙሪያ የሚጠርቡም አሉ፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ዛፉ ውሃ የሚያወጣው ከቅርፊቱ ሥር ባለው በውጭኛው እንጨት በኩል ነውና። ባልዲ ይቀይሩ እንጂ ግንዱን አይጥረቡ።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። የተቆረጠ ዛፍ ሥር ስለሌለው ከአፈር ውስጥ ውሃ መጭመቅ አይችልም፤ የሚጠጣው በግንዱ አፍ ዙሪያ የቆመ ውሃ ብቻ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይውሰዱ፤ ግንዱን መሐል ላይ እስከ ታች አስገብተው ዙሪያውን በቡጢ መጠን ድንጋይ አጥብቀው ይሙሉ፤ ከላይ ጠጠር ይጨምሩ። ድንጋይ በሞላው ባልዲ ውስጥ ለውሃ የሚተርፈው ቦታ 8 ሊትር ገደማ ነው። ድንጋዩ ዛፉን ያቆመዋል፤ ውሃው በመሐሉ ይዘዋወራል። ከ1.5 ሜትር በላይ ከሆነ ወገቡ ላይ በሲባጎ አስረው ከግድግዳ ምስማር ጋር ያያይዙት፤ ልጅ ቢስበው እንዳይወድቅ።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። በግንዱ ውፍረት በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ በቀን 1 ሊትር ያህል ውሃ ይስባል። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግንድ በቀን ወደ 2 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከዚያም ይበልጣል። ጠዋትና ማታ ጣትዎን በድንጋዩ መሐል አስገብተው ውሃው መኖሩን ይፈትሹ። ለግማሽ ቀን እንኳ ከግንዱ አፍ በታች ከወረደ ሙጫው እንደገና ይዘጋዋል፤ ያኔ አውጥቶ እንደገና ከመቁረጥ ሌላ መድኃኒት የለውም። ስኳር፣ አስፕሪን፣ በረኪና የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ከንጹሕ ውሃ የተሻለ ምንም የለም፤ ውሃው ሙቅ መሆንም አያስፈልገውም።

ሲገዙ ከጫፉ አንድ ቅርንጫፍ ለማጠፍ ይሞክሩ፤ ትኩስ ከሆነ ይለመጣል እንጂ ቀጭ አይልም። ቅጠሉን ሲያሹት ጠረኑ ካልወጣ፣ መሐሉ ያለው ከቡናማነት አልፎ ውጭውም ከደበዘዘ ይተዉት። ሌላው ዘዴ ማንሳት ነው፤ ትኩስ ዛፍ ለመጠኑ ይከብዳል። ጭነው ሲወስዱት በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት፤ የመኪና ላይ ነፋስ በአንድ ሰዓት የሚያደርቀውን የቤት አየር በሁለት ቀን አያደርቀውም። ባሕር ዳር ላይ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ይግላልና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቆ፣ በቀዝቃዛው ጥግ ይቁም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት የተቆረጠ አይግዙ። ከታኅሣሥ 20 በኋላ የተቆረጠ ዛፍ ውሃው ካልተቋረጠበት እስከ ጥምቀት ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ግን አይርሱ፤ በዚያ ዓመት ነጋዴዎች አንድ ቀን ቀድመው ይጨርሳሉ።

ጥያቄ፦ መብራት ልናደርግበት ነው፤ ቡናም እዚያው ሳሎን ይፈላል። ያሰጋል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውሃ የሚጠጣ እርጥብ ጽድ በቀላሉ አይያያዝም። የደረቀው ግን ቅጠሉ ውስጥ ዘይት ስላለ በሰኮንዶች ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ይነዳል፤ ለማጥፋትም ጊዜ አይሰጥም። የከሰል ምድጃና ማጨሻ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቁ። ሻማና ጧፍ ዛፉ ላይ አይደረግም። የኤልኢዲ መብራት ይምረጡ፤ አይግልም። ሽቦው የተላጠ ካለ አይሰኩት፤ ሲተኙ ይንቀሉት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ርካሹን መብራት የሚያቃጥለው በዚያች ቅጽበት ነው። ቅርንጫፉ ሲነካ ቅጠል እየረገፈ ከወረደ በዓሉ ባያልቅም ዛፉን ያውጡት።

ጥያቄ፦ ከእርሻ የማይመች አንድ ጥማድ ተዳፋት መሬት አለኝ። ለገና ዛፍ ጽድ ልተክልበት አስቤያለሁ። ስንት ችግኝ ይይዛል? መቼ ይደርሳል? (ከእንጅባራ አካባቢ)

መልስ፦ ጥማድዎ ሩብ ሄክታር ከሆነ በ1.5 ሜትር ርቀት 1,100 ያህል ችግኝ ይይዛል። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ክረምት አይትከሉ። መሬቱን ለሦስት ከፍለው በየዓመቱ 370 ያህል ይትከሉ፤ ያኔ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየገናው የሚሸጥ ይኖርዎታል፤ በተቆረጠው ቦታም ይተካሉ። ለሚደርቀው ምትክ እንዲሆን ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ችግኝ ያዘጋጁ።

ችግኙን ራስዎ የሚያፈሉ ከሆነ ፍሬውን ቡናማ ሆኖ ሳይከፈት ከትልልቅና ጤነኛ ዛፎች ይልቀሙ፤ አንድ ዛፍ ብቻ አይጨርሱ። ሸራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ራሱ ተከፍቶ ዘሩን ያፈሳል። ከዘሩ ብዙው ባዶ ነው፤ ከግማሽ በታች ቢበቅል አይደንግጡ፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርገው ይዝሩ። ጊዜው ሕዳርና ታኅሣሥ ነው። በተነፋ አፈርና አሸዋ መደብ ላይ ዘርተው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ያልብሱት፤ ጠልቆ የተዘራ አይወጣም። ሣር ይጎዝጉዙበት፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ ያኔ ሣሩን አንስተው ዳስ ይሥሩለት። በዚህ ጊዜ ችግኙ ከአንገቱ ተሟሙቶ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል፣ ወይም ተጨናንቋል፤ ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ብቻ ይሁን።

ቁመቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ ፕላስቲክ ቱቦ ያዛውሩት። ድብልቁ ሦስት እጅ ጥሩ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ሥሩ በቱቦው ሥር አልፎ መሬት ከያዘ ሲነቀል ይበጠሳልና በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቱቦውን አንስተው ያለፈውን ሥር ይቁረጡ። ከመተከሉ በፊት ባለው ወር ዳሱን አንሡ፤ ውሃውን ቀንሱ፤ ፀሐይና ጥም ያልለመደ ችግኝ ማሳ ላይ አይጸናም። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ችግኝ ለመተከል ደርሷል።

ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍሩ፤ 30 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጠው ሲተክሉ ከታች ይመልሱት። የእናንተ አካባቢ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ጽድ ይህን ከብዙ ሰብል በተሻለ ይችለዋል፤ ቢሆንም በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ቢጨምሩ ልዩነቱን ያያሉ። የማይችለው ውሃ የሚተኛበትን መሬት ነው። በቢቸናና በደጀን በኩል ባለው መረሬ ላይ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። የሚተከለው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ቱቦውን ቀደው ያውጡ! ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ እዚያው ተጠምጥሞ በሁለተኛው ዓመት ይደርቃል፤ በየዘመቻው የምናየው ጥፋት ይህ ነው።

ሁለት ጠላት አለብዎት። አንዱ ልቅ ግጦሽ ነው፤ ከብት ባይበላውም ይረግጠዋል፣ ይታከክበታል፤ አጥር ሳይሠሩ አይትከሉ። ሌላው ውርጭ ነው። በሕዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳው ይወርዳልና ተዳፋት መሬትዎ ለዚህ ጥሩ ነው፤ የታችኛውን ጥግ ብቻ በመጀመሪያው ዓመት በሣር ይሸፍኑት።

ዛፉ የገና ዛፍ የሚሆነው በመከርከም ነው፤ ካልተከረከመ ሳስቶ ይመዘዛል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ራስ ያወጣውን ወደ አንድ ማውረድ ብቻ ይበቃል። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ሲጠጋ በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በአጥር መቀስ የጎኖቹን ጫፍ ይከርክሙ፤ በክረምቱ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ቁስሉን ይሸፍነዋል። ቅርጹ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሾጣጣ ሆኖ የታችኛው ስፋት ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ 1.5 ሜትር ለሚረዝም 1 ሜትር ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚጠፋው ጥፋት የማይመለስ ነው፦ ጽድ አረንጓዴ ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨት ላይ አያቆጠቁጥም። መቀሱ አረንጓዴውን አልፎ ከገባ ያ ጎን ራቁቱን ይቀራል፤ ገዢም አያነሣውም። መስከረም መጨረሻ ላይ የወጣ የወጣውን ብቻ ዳግመኛ ይለቅሙ።

በደጋማው ጥሩ መሬት በሁለት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ሲቆርጡ ከመሬት አይቁረጡ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ግን አያቆጠቁጥም። ከታች ሕይወት ያለው ቅርንጫፍ የያዘ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ግንድ ይተዉ፤ ከቀሩት ቅርንጫፎች ጠንካራውን ወደ ላይ ቀና አድርገው በችካል ያስሩት፤ ሌሎቹን ያሳጥሯቸው። ሥሩ የቆየ ስለሆነ ሁለተኛው ዛፍ ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ይደርሳል።

ስለ ገበያ አንድ ምክር እንጨምር። ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ሆቴሎች በጥቅምት ሄደው ይዋዋሉ፤ ታኅሣሥ 27 ቀን መንገድ ዳር የሚቆም ዛፍ የድካምዎን ዋጋ አያወጣም። ያልተሸጠው ግን አይጠፋም፤ ቆሞ አጠና፣ ከዚያም ጣውላ ይሆናል። ስለዚህ ከሦስት አንዱን ለዚያ ያስቀሩት። ጭነው ከመንቀሳቀስዎ በፊት ከወረዳው የይለፍ ፈቃድ ያውጡ፤ ኬላ ላይ የተከሉትን ከደን ከተቆረጠ የሚለይልዎት ያ ወረቀት ነው። ሁሉንም መሬትዎንም በጽድ አይሙሉ። በዲከረንስ ላይ የወረደውን በሽታ አዊ ያለ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጽድም የራሱ ተባይ አለው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የጽድ አጥሬ ከውስጥ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ ነው። ሥሩ ያለው ሣር ደግሞ ያጣብቃል፤ ጉንዳንም በዝቷል። ጥም ይሆን? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጥም አይደለም። ማጣበቁና ጉንዳኑ የሚናገሩት የጽድ ክሽክሽን ነው። ይህ ተባይ በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማላዊ ላይ ታይቶ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ የጽድ ተክል ሁሉ ላይ ተዛምቷል። ቡናማ ግራጫ ሆኖ ቅርንጫፍ ላይ ተሰልፎ ስለሚቀመጥ ከቅርፊቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ቅርንጫፉን ቢመቱት ይረግፍልዎታል። የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ የሚያወጣው ማር መሰል ፈሳሽ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ዝናብ ያጥበዋልና የሚበረታው በበጋ ነው።

የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያቃጥሉ፤ ወደ ሌላ ቦታ አይጎትቱት። ጥቂት ዛፍ ከሆነ 1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ ክሽክሹን እስኪያርሰው ድረስ ማታ ማታ ይርጩ፤ በየ5 ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ፀሐይ ላይ ከረጩት ሳሙናው ቅጠል ያቃጥላል። ቡናማ የሆነው ጎን ተመልሶ አይለመልምም፤ የምታድኑት የቀረውን ነው። ከግማሽ በላይ ከደረቀ ነቅለው ሌላ ዓይነት ዛፍ ይተኩ።

ጥያቄ፦ እንዳይቆረጥ ብዬ ከነሥሩ በማሰሮ ያለ ጽድ ገዛሁ። ከገና በኋላ ግቢ ውስጥ ተከልኩት፤ በየካቲት ደረቀ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሐሳብዎ መልካም ነበር፤ ያበላሸው ወሩ ነው። ጥር ላይ መሬቱ ደርቋል፤ ሥሩ ገና ከማሰሮው አልወጣም፤ ፀሐዩም በርትቷል። ከሥሩ ጋር ያለ ዛፍ ቤት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ይቆይ፤ ከዚያ ወደ በረንዳ ጥላ፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ግማሽ ጥላ ያውጡት። እስከ ሰኔ መጨረሻ እዚያው ማሰሮው ውስጥ ሆኖ አፈሩ አንድ ጣት ጥልቀት በደረቀ ቁጥር ውሃ ይጠጣ። ማሰሮው ቢያንስ 20 ሊትር ይሁን፤ ከማሰሮው ታች አራት አምስት ቀዳዳ ይብሱ። ሲተክሉት ዙሪያውን የተጠማዘዘውን ሥር በቢላዋ ከላይ ወደ ታች ሦስት ቦታ ይሰንጥቁት፤ አለበለዚያ ራሱን በራሱ ያንቃል። ቦታው ከቤት ግድግዳ 5 ሜትር ይራቅ፤ ትልቅ ዛፍ ነው የሚሆነው። በባሕር ዳር ሙቀት በየዓመቱ ማሰሮ ውስጥ የሚኖር ከፈለጉ ከጽድ ይልቅ አሩካሪያ የተባለው የጌጥ ዛፍ ይስማማዎታል።

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የገና ዛፍ የእኛ ሥርዓት ነው? (ከሞጣ)

መልስ፦ አይደለም፣ እኅታችን። ዛፍ አስጊጦ ቤት ማቆም ከጀርመን አገር የመጣ ልማድ ነው፤ ያኔ የጀርመን በነበረችው በስትራስቡርግ ከተማ በ1605 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወረቀት አበባና በፖም ያጌጡ ዛፎች በየቤቱ እንደነበሩ የተጻፈ አለ። የልደት በዓል ሥርዓታችን በቅዳሴው፣ በማሕሌቱና በገና ጨዋታው ያለ ዛፍ ሙሉ ነው። ቤታችሁ ይደረግ አይደረግ የሚለውን ከወላጆችሽና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሪበት።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለባት። እርጥቡ ዛፍ ያስነሣባት ይሆን? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ሊያስነሣባት ይችላል፤ ቅጠሉ መሐል አቧራና ሻጋታ ይይዛል። ከማስገባትዎ ሁለት ቀን በፊት ውጭ በውሃ አጥበው፣ ግንዱን ውሃ ውስጥ እንዳቆሙ በጥላ ያጠንፍፉት። ጫፉ ላይ ቢጫ ፍንጣሪ የያዘ ቅርንጫፍ ካለ ይቁረጡት፤ ብናኙ ከዚያ ነው። ከምትተኛበት ክፍል ውጭ ይቁም። ከገባ በኋላ ካሳላት ወይም ትንፋሿ ካፏጨ በዚያው ቀን ያውጡት። ለዓመት ሣጥን ውስጥ የከረመ የፕላስቲክ ዛፍም አቧራው አያንስምና ሳይታጠብ አይግባ።

ጥያቄ፦ በዓሉ ሲያልፍ ዛፉን ለከብቶቼ ልስጥ? (ከቡሬ)

መልስ፦ አይስጡ። የፈረንጅ ጽድ ወገን የሆኑ ዛፎች ቅጠል ያረገዘች ላም ሊያስወርድ የሚችል ንጥረ ነገር አለው፤ ድርቆሽ ባነሰበት በጥር ደግሞ የተራበ ከብት ያገኘውን ይበላልና ግቢ ውስጥም ተጥሎ አይደር። ግንዱን ቆራርጠው ለሁለት ወር ያድርቁት፤ ጥሩ ማገዶ ነው። እርጥቡ ግን ይፈነዳል፣ ሙጫው ጭስ ይበዛዋል። ቅርንጫፉን ከትፈው ከቡና ወይም ከጌሾ ሥር አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይጎዝጉዙት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያርቁት። አመዱን ጓሮ ላይ ይበትኑት፤ ኮምጣጣ አፈር ላይ ይጠቅማል፤ ድንች ያለበት መደብ ላይ ብቻ አያብዙት፤ እከክ የተባለው የድንች በሽታ ይበረታል።